«እኅቴ ሆይ፥ ዝም በዪ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 13 የተጻፈውን የንጉሥ ዳዊትን ልጅ የትዕማርን ታሪክ ስናነብ፥ እኅቱን አስገድዶ የደፈረው የአምኖን ኃጢአት እጅግ ግልጽ ስለሆነ ዓይናችን በእርሱ ላይ ብቻ ያርፋል። መጽሐፉ ግን በዙሪያው የነበሩትንም አንድ በአንድ ያሳየናል። የአጎቱ ልጅ ኢዮናዳብ ታምሜአለሁ ብሎ እንዲተኛ መከረው፤ አገልጋዩ ወደ ውጭ አስወጥቶ በሩን ዘጋባት፤ በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፥ ልብሷን ቀድዳ እየጮኸች ስትሄድ ወንድሟ አቤሴሎም ዝም እንድትልና ነገሩን በልብዋ እንዳትይዘው ነገራት፥ ምክንያቱም «ወንድምሽ ነው» የሚል ነበር። ንጉሡ አባቷም ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፤ ከቁጣው በኋላ ግን ለልጁ እንደ ፈረደላት አልተጻፈም። ትዕማር አስቀድማ «እንዲህ ያለ ነገር በእስራኤል አይደረግም» ብላ ተከራክራለች፤ ከተፈጸመባትም በኋላ በአደባባይ ጮኻለች። ዝምታውን ያመጡት የሚወዷት ሰዎች ናቸው።

የአቤሴሎም ቃል ዛሬም በመካከላችን ይነገራል፤ የተለወጠው «ባልሽ ነው» መባሉ ብቻ ነው። «ቻይው፥ ትዳር ነው»፣ «ገበናሽን አታውጪ»፣ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ሳይጠይቁ የሚፈርዱበት «ምን አድርጋው ይሆን?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 63 በመቶው፥ ከወንዶቹም 28 በመቶው፥ ምግብ ማሳረርን፥ ከባል ጋር መከራከርን ወይም ሳይናገሩ ከቤት መውጣትን ከመሰሉ አምስት ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. የሴቶቹ ቁጥር 85 በመቶ ስለ ነበር መቀነሱ ያጽናናል። ነገር ግን ተመቺዋ ራሷ መመታቷን አምና እንድትቀበል ያስተማራት ማን ነው? ሴትን ከአህያ ጋር ቆጥሮ ዱላ የሚያዝዘው ተረት አለ፤ በሰርጓ ዋዜማ የተሰጣት ምክር አለ፤ መናገሩ ቢያምም፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሰማችውም አለ።

«ሚስቶች ሆይ፥ ተገዙ» የሚለውን የኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 5 ጠቅሶ፥ ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደደና ራሱን ስለ እርሷ አሳልፎ እንደ ሰጠ ይውደድ የሚለውን መተው ቃሉን መቁረጥ ነው። «መስቀልሽን ተሸከሚ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ ጌታችን መስቀሉን በፈቃዱ ተሸከመ እንጂ ሌላውን የሚሰቅሉትን አልባረከም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የመጀመሪያውን የቆሮንቶስ መልእክት ሲተረጕም በ26ኛው ድርሳኑ ይህን ነገር ያለ ማለሳለስ ተናግሯል። ሚስቱን የሚመታ ሰው፥ ሰው ሊባል የሚገባው ከሆነ፥ አባቱንና እናቱን እንደ ገደለ ይቈጠራል ይላል፤ ስለ እርሷ አባትና እናቱን እንዲተው የታዘዘላትን ነውና የሚያዋርደው። ጩኸቷ በመንገዱ ሲሰማ ጎረቤቱና አላፊው ወደዚያ ቤት እንደሚሮጡም ይገልጻል፤ ኀፍረቱንም የሚያሳርፈው በመቺው ላይ ነው። እኛ ዘንድ ኀፍረቱ ወደ ተመቺዋ መዞሩ ከዚህ አባት ትምህርት ምን ያህል እንደራቅን ያሳያል። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ያህል እርዳታም አልጠየቁም፥ ለማንም አልተናገሩም፤ እርዳታ የጠየቁትም አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ገዛ ቤተሰባቸው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ በእኛ አፍ ላይ ነው። የሀገሪቱ ሕግ እንኳ፥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564፥ የትዳር ጓደኛን መምታት ያስቀጣል እንጂ ገበና አይለውም።

እርቅን ለሚያከብሩ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቶች በትሕትና የምናሳስበው አለ። አቤሴሎም ዝም ያሰኘው ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ አምኖንን ባስገደለው ጊዜ በደም ተመለሰ፤ ትዕማርም በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ተቀመጠች። ፍርድ የሌለበት ማስታረቅ እንዲህ ያለ ቤት ይተዋል። አንዲት እኅት ቁስሏን ይዛ ስትመጣ አስቀድሞ በሰላም የምታድርበት ቦታ ይፈለግላት፤ ሐኪም ይያት፤ ሕግ ፊት መቆም ከፈለገችም «ክርስቲያን አይከስም» ተብላ አትመለስ። ባሏም ንስሐ ልግባ ካለ እጁን መሰብሰቡ በጊዜ ይፈተን፥ የንስሐውም መለኪያ የእርሷ ቶሎ ወደ ቤት መመለስ አይሁን።