«ዲቫይደር ላይ ነበር እኮ!»፦ ስለ ቲቪ፣ ዲሽና ስማርት ዕቃ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ክረምት ሲገባ ስልኬ ዕረፍት የለውም። ደሴ ላይ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ከፒያሳ፣ ከሆጤ፣ አንዳንዴም ከታች ከኮምቦልቻ ጥሪ ይመጣል። ሥራዬ ዲሽ መትከልና ቲቪ መጠገን ነው። አሁን አሁን ደግሞ ስማርት የሚባሉትን አምፖሎች፣ ሶኬቶችና ካሜራዎች እገጥማለሁ። የሞተ ቲቪ ለማየት የሄድኩበት ቤት ሁሉ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዲቫይደር ላይ ነበር እኮ! እንዴት ይቃጠላል?»

እውነቱን ለመናገር ይሄ ነገር አሰልችቶኛል። ሰው ቲቪውን የሚገዛው ስንት ጊዜ አጠራቅሞ ወይም ልጁ ከዓረብ አገር ልካለት ነው። ከዚያ ያን ሁሉ ገንዘብ ለአንድ ርካሽ ፕላስቲክ አደራ ይሰጠዋል።

«ዲቫይደር ቲቪን ከመቃጠል ያድናል»

አያድንም። ተራውን ዲቫይደር ደንበኛ ፊት ፈትቼ የማሳየው ለዚህ ነው። ብሎኖቹ ሲወጡ ክዳኑ ይነሳል። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጉ ቀጫጭን የናስ ቁራጮች አሉ። ማብሪያው ሥር ቀይ የምታበራ ትንሽ አምፖል አለች። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። 220 ቮልት ከገባ 220 ያካፍላል። 300 ከገባም 300ውን ያካፍላል። ቀይዋ መብራት የምትነግራችሁ ኤሌክትሪክ መኖሩን ብቻ ነው።

«የእኔ ፊውዝ አለው» የሚሉም አሉ። ፊውዝ የሚበጠሰው ከአቅሙ በላይ አምፔር ሲያልፍበት ነው። ቮልቴጅ ቢጨምር አያውቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ቲቪው ውስጥ የሆነ ነገር ተቃጥሎ ሾርት ካደረገ በኋላ ነው።

ያ 300 ቮልት ከየት ይመጣል? ይሄንን ማንም አያስረዳችሁም፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። ከትራንስፎርመሩ ወደ ሰፈር የሚመጡት ሦስት ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጡት ሽቦዎች) እና አንድ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ናቸው። የእናንተ ቤት ከአንዱ ፌዝና ከኒውትራሉ 220 ቮልት ያገኛል። በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ግን 380 ቮልት ነው። ነፋስ ወይም ዝናብ መስመሩን ነካክቶ ኒውትራሉ ከላላ ወይም ከተበጠሰ፣ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች ያንን 380 ይካፈሉታል። ክፍፍሉ ደግሞ እኩል አይደለም። ጎረቤት ምጣድ ጥዶ እንጀራ እየጋገረ፣ እናንተ ቤት ቲቪና አንድ አምፖል ብቻ ከበራ፣ ብዙው ቮልት የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። የጎረቤት ምጣድ አልግል ይላል፣ የእናንተ ቲቪ ይቃጠላል።

ሆጤ አካባቢ አንድ ቤት በትክክል እንዲህ ሆኖ ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ 55 ኢንች ቲቪ። እናትየው «ልጄ፣ መጀመሪያ አምፖሉ ቦግ ብሎ ደመቀ፣ እኔ መብራቱ ጥሩ ሆነ ብዬ ደስ አለኝ» አሉኝ። ጀርባውን ስከፍተው ከኤሌክትሪኩ መግቢያ አጠገብ ያለችው ሰማያዊ ክብ ክፍል ለሁለት ተሰንጥቃ ጠቁራለች። ቫሪስተር ትባላለች። ሥራዋ ከመጠን ያለፈ ቮልት ሲመጣ ራሷን ሰውታ የቀረውን ማትረፍ ነው። እሳቸው ዕድለኛ ነበሩ፤ እሷና ፊውዟ ተቀይረው ቲቪው ተነሳ። ሁሉም ግን እንዲህ አይተርፍም።

ስለዚህ ይሄን ያዙልኝ። አምፖላችሁ ከወትሮው በጣም ከደመቀ፣ ወይም የእናንተ ቤት ሲደምቅ የጎረቤት ሲደበዝዝ ካያችሁ፣ ቲቪውን በሪሞት ለማጥፋት አትሞክሩ። ቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሄዳችሁ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ከዚያ ለመብራት ኃይል ደውሉ። ራሳችሁ ምሰሶ አትንኩ።

መብራት ሄዶ ሲመለስም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሳ ቮልቴጁ መጀመሪያ ላይ ይዋዥቃል። ቲቪ የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ ይመስላችኋል፣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ሲመለስ ነው። ሲሄድ ንቀሉ፣ ሲመጣ ትንሽ ጠብቁና ሰኩ።

የሚጠብቀውስ ምንድን ነው? የቮልቴጅ መከላከያ። ቮልቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ወይም ሲወርድ ይቆርጣል፣ ሲስተካከል ደግሞ ቆይቶ ይመልሳል። ሶኬት ላይ የሚሰካ አለ፣ ብሬከር ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሙሉ ቤቱን የሚጠብቅም አለ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሱቅ ውስጥ ግን «ስታብላይዘር ግዙ» ይሏችኋል፤ ቮልቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚያስተካክለውን ዕቃ ማለታቸው ነው። የዛሬ ቲቪ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡት፤ አብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ዝቅ ማለቱን በራሱ ይችለዋል። የሚገድለው መብዛቱ ነው። ስለዚህ ስታብላይዘር ለመግዛት ከወሰናችሁ ሲበዛ የሚቆርጥ መሆኑን ጠይቁ። ካልቆረጠ ለቲቪ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ መብረቅ። ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ነጎድጓዱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ቲቪውን ከሶኬት ነቅሎ የዲሹን ገመድ እንደተሰካ መተው ግማሽ ሥራ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ብረት በገመዱ በኩል ከሪሲቨሩ ጋር፣ ሪሲቨሩም ከቲቪው ጋር ተያይዟል። ጉርምርምታው ገና ከሩቅ ሲሰማ ሁለቱንም ንቀሉ። ነጎድጓዱ አናታችሁ ላይ ከደረሰ ግን ገመድ አትነካኩ፣ ከቲቪ ነፍስ ይበልጣል። ለቤቱ ደግሞ ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ፣ አስገቡ። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ስላለ ብቻ ኧርዝ አለ ማለት አይደለም። ከሶኬቱ ጀርባ ሦስተኛው ሽቦ የሌለባቸው ብዙ ቤቶች አይቻለሁ።

«ጦሳ ሲግናል ይከለክላል»

ይሄ ደግሞ ስለ ጦሳ ተራራችን የደሴ ልጆች ብቻ የምናወራው ነው። ናይልሳት የሚባለው ሳተላይት ያለው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ከደሴ ሲታይ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማሱ 35 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ጦሳም በዚያው በኩል ስለሆነ ጥፋቱ ወደ ተራራው ይሄዳል። ነገር ግን ከመሃል ከተማው ቀና ብላችሁ ስታዩ የጦሳ ጫፍ ከዚያ ከፍታ በጣም ያንሳል። ሳተላይቱ ከተራራው በላይ አልፎ ያያችኋል። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው የኢትዮሳት ሳተላይት ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ 65 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ወደ አናታችን የተጠጋ ነው። ሲግናል የሚከለክለው ተራራው ሳይሆን ግቢው ውስጥ ያደገው ባሕር ዛፍ፣ የጎረቤት ፎቅ ወይም ብሎኑ የላላ ዲሽ ነው።

ከባድ ዝናብ ሲጥል ምስሉ መቆራረጡም የዲሽ ብልሽት አይደለም። ውሃው ሞገዱን ያደክመዋል፣ ሲያባራ ይመለሳል። እባካችሁ በዝናብ ልጅ ጣሪያ ላይ አትስደዱ። ቆርቆሮ ያንሸራትታል፣ ዲሹም ሳይነካ በራሱ ይመለስ ነበር።

ባጭር ባጭሩ

«4ኬ ቲቪ ከገዛሁ ሁሉም 4ኬ ይሆናል።» አይሆንም። ቻናሉ የላከው ጥራት ያው ነው፣ ቲቪው የሚያደርገው ወደ ስክሪኑ መለጠጥ ነው።

«ውድ ኤችዲኤምአይ ገመድ ምስል ያጠራል።» ከሪሲቨር እስከ ቲቪ ላለው አጭር ርቀት ርካሹም ያደርሳል።

«ዋይፋዩ ሙሉ ምልክት ያሳያል፣ ኢንተርኔቱ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ስልኬ ተበላሽቷል።» ምልክቱ የሚያሳየው ከራውተሩ እስከ ስልካችሁ ያለውን ነው። ከራውተሩ ወደ ውጭ ስላለው መስመር ምንም አይልም።

«በሪሞት ካጠፋሁት ጠፍቷል።» ትንሽ ነው የሚበላው፣ ግን መስመሩ ላይ እንደተሰካ ነው። ለቮልቴጅ መብዛት እንደበራው ሁሉ የተጋለጠ ነው።

«ስማርት ዕቃ ያለ ኢንተርኔት ከንቱ ነው»

ይሄ ብዙ ሰው ያርቃል። ካሜራው ውስጥ ሚሞሪ ካርድ ካለ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይቀርጻል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ሆናችሁ ደሴ ያለውን ግቢ በስልክ ለማየት ነው። ብዙ ስማርት አምፖሎችና ሶኬቶችም የተሞላላቸውን የማብሪያና የማጥፊያ ሰዓት ውስጣቸው ይይዛሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ። ደግሞም ብዙዎቹ የሚገናኙት ራውተር ከሚያሰራጫቸው የዋይፋይ ሞገዶች በአንዱ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። «ዕቃው አልገናኝ አለኝ፣ ፎርጂድ ነው» ብሎ ለሚያመጣልኝ ሰው ብዙ ጊዜ መፍትሔው ራውተሩ ላይ 2.4ን ማብራት ነው።

እውነተኛው ችግር መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ መሄዱ ነው። ለእሱ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል ትንሽ ባትሪ አለ። ራውተሩ 12 ቮልት ከሆነ 12 ቮልት የሚያወጣውን ምረጡ። ለሰዓታት ያቆየዋል።

«ምጣዱን ስማርት ሶኬት ላይ ሰክቼ በስልክ አበራዋለሁ»

በዚህኛው አልቀልድም። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአማካይ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። 3.5 ኪሎዋት ብንል በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ከስማርት ሶኬቶቹ ብዙዎቹ የተሠሩት ለ10 አምፔር ነው፣ ማለትም ለ2200 ዋት። 16 የሚል የተጻፈባቸውም ቢሆኑ ምጣድ ለረጅም ጊዜ እንዲሸከሙ አላምናቸውም።

ኮምቦልቻ አንድ ቤት ዘመድ ከዱባይ የላከውን ሰክተውት ነበር። ዕቃው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የዚያ አገር ዓይነት ነው። እኛ ሶኬት ውስጥ ስለማይገባ በአዳፕተር ገጠሙት። አዳፕተሩ ላላ ያለ ነበር። ስደርስ ፕላስቲኩ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል፣ የሶኬቱ ዙሪያ ጥቁር ነው፣ ክፍሉ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ምጣዱ ሰው በሌለበት ከሩቅ የበራ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚከተል አስቡት።

ስማርት ሶኬት ለአምፖል፣ ለቲቪ፣ ለቻርጀር፣ ለቬንቲሌተር ጥሩ ነው። ምጣድ ግን ከብሬከሩ በቀጥታ የመጣ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ሶኬት ይፈልጋል፣ አጠገቡም የሚጠብቀው ሰው። አሁን ምጣዳችሁ በአዳፕተር ወይም በዲቫይደር ላይ ከሆነ፣ ጋግራችሁ እንደጨረሳችሁ ብሬከሩን አውርዳችሁ መሰኪያውን በእጃችሁ ዳስሱት። የሚያቃጥል ከሆነ ኤሌክትሪሻን እስኪያየው ድረስ ምጣዱን መልሳችሁ አትሰኩት።