ዘና ያለ ቴአትር፦ ደጋግመን የምንሰማቸው ስህተቶችና እውነታው

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2011 ኒው ዮርክ፣ ብሮድዌይ በሚባለው የቴአትር ሰፈር ያለው ሚንስኮፍ ቴአትር «ዘ ላየን ኪንግ» የተባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር ለየት ላለ ተመልካች አሳየ። የቴአትር ዴቨሎፕመንት ፈንድ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የአዳራሹን ትኬት በሙሉ ገዝቶ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች በቅናሽ ሸጠው። የሚያስደነግጡ ድምፆች ዝቅ ተደረጉ። ወደ ተመልካቹ የሚወረወረው ብልጭ ድርግም የሚል መብራትም እንዲቀንስ ተደረገ። ልጁ ከበደው የሚል ወላጅ ይዞት ወጥቶ የሚያረጋጋበት ጸጥ ያለ ጥግም ተዘጋጀ። ብሮድዌይ እንዲህ ያለ ትርዒት ሲያሳይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታ ወይም ንክኪ ቶሎ የሚከብዳቸው ሰዎች ሳይሳቀቁ እንዲያዩት ታስቦ የሚዘጋጅ ቴአትር «ዘና ያለ ትርዒት» ይባላል። ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ ተለምዷል። ስለ እሱ የሚወራው ግን ግማሹ ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ብዙ ቤተሰብን ቤት ያስቀራል።

«ልጁ ባለጌ ነው፤ እናቱ አላሳደገችውም»

ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ቴአትር ቤት ስንገባ የአብዛኞቻችን አእምሮ ሥራውን በዝምታ ይሠራል። የጎረቤታችንን ሽቶ፣ ከኋላ የሚንኮሻኮሸውን የብስኩት ፌስታል፣ ወንበሩ ጀርባችንን የሚነካበትን ሁሉ ወደ ጎን ገፍቶ መድረኩን ብቻ ያሳየናል። ይህ ማጣሪያ በተለየ መንገድ የሚሠራላቸው ሰዎች አሉ። ፌስታሉም፣ ሽቶውም፣ የተዋናዩም ድምፅ እኩል ጉልበት ይዘው ይመጣሉ። እዚያ ላይ መብራቱ ድርግም ይላል። ከበሮው በአንዴ ይጮሃል። ልጁ ጆሮውን ይይዛል፣ ይወዛወዛል፣ እጁን ያርገበግባል። ካልቻለ ደግሞ ይጮሃል።

መወዛወዙ ራስን ማረጋጊያ ነው። «አርፈህ ተቀመጥ» ብሎ እጁን መያዝ ያቺኑ አንድ መረጋጊያውን መንጠቅ ማለት ነው። ጩኸቱም ከረሜላ ከተከለከለ ልጅ ለቅሶ ጋር አንድ አይደለም። ከረሜላ የፈለገ ልጅ ሲሰጡት ዝም ይላል። ይሄኛው የከበደው ነገር እስኪቀንስለት ድረስ ማቆም አይችልም። ቁጣ ደግሞ ሌላ ድምፅ ስለሆነ ያባብስበታል።

እኛ አገር ደግሞ ከ«ባለጌ» በላይ «እርግማን ነው» የሚባልበት ቤት ብዙ ነው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት መነሻዋ የገዛ ልጇ ነበር። እስከ ሕልፈቷ ድረስ ከታገለቻቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ልጅን ከሰው ዓይን የመደበቅ ልማድ ነው። የተደበቀ ልጅ ቴአትር ቤት ሊመጣ አይችልም። ሲመጣ የሚገላመጥ ከሆነም እናቱ ሁለተኛ አትሞክረውም።

«ቴአትሩ ተቆራርጦ፣ ለዛው ጠፍቶ ነው የሚታየው»

አይደለም። ድርሰቱም፣ ትወናውም፣ ዘፈኑም ያው ነው። የሚነካካው ጠርዙ ላይ ያለው ነው። የድምፅ ባለሙያው ድንገት የሚፈነዱትን ድምፆች ዝቅ ያደርጋል። የመብራት ባለሙያው አዳራሹን ጭልም አያደርገውም፤ ሰው መውጫውን የሚያይበት ያህል ብርሃን ይተዋል። በር አይዘጋም። የፈለገ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ቆሞ ያያል።

ከትርዒቱ በፊት የሚሠራው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። ቴአትር ቤቱ በፎቶ የተደገፈ አጭር መመሪያ አዘጋጅቶ ለቤተሰቡ አስቀድሞ ይልካል። በሩ ይሄ ነው፣ ትኬት የምታሳየው እዚህ ነው፣ ሽንት ቤቱ ወዲያ ነው። ይሄ ተዋናይ ጭንብል ሲያጠልቅ እንዲህ ይመስላል፣ ሲያወልቅ ደግሞ እንዲህ። በሁለተኛው ክፍል አንድ ሰው ይጮሃል፣ ግን ማንም አይጎዳም። ልጁ ይህንን ቤቱ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ ያየዋል። ሲመጣ ቦታው አዲስ አይሆንበትም። አንዳንድ ቦታ ተዋንያኑ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ወጥተው ስማቸውንና የሚጫወቱትን ገጸ ባሕርይ ይናገራሉ። ክፉውን የሚጫወተው ሰው ፈገግ ብሎ «እኔ ነኝ» ሲል፣ በኋላ ሲያፈጥ ፍርሃቱ ልኩን ይይዛል።

አንድ ድምፅ ግን ማንም ባለሙያ ሊቀንሰው አይችልም። እሱም ጭብጨባ ነው። ለብዙዎች የምሽቱ ከባዱ ደቂቃ መጨረሻው ላይ የሚመጣው ያ ነው። ጭብጨባው ሊመጣ ሲል ቀድሞ መናገር፣ ወይም ተመልካቹ እጁን ወደ ላይ አንስቶ እንዲያውለበልብ መጠየቅ ይቻላል።

«ለኦቲስቲክ ሕፃናት ብቻ ነው»

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያድጋል። ሰላሳ ዓመት ሲሞላውም ብርሃኑ ይከብደዋል፤ የሚያየው ግን የልጆች ቴአትር ብቻ እንዲሆን መፈለጉ አጠራጣሪ ነው። ለአዋቂ የሚሆን ዘና ያለ ትርዒት ያስፈልጋል።

ሌሎችም አሉ። ጄስ ቶም የምትባል እንግሊዛዊት አርቲስት የቱሬት ሲንድሮም አለባት። ሳታስበው ድምፅና ቃላት ከአፏ ይወጣሉ፣ ሰውነቷም ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ትርዒት ልታይ ገብታ ተመልካቾች አማረሩ። በእረፍት ሰዓት ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሄዳ እንድትቀመጥ ተጠየቀች። እያለቀሰች ያየችው ትርዒት እሱ ሆነ። ሁለተኛ ቴአትር ቤት አልሄድም ብላ ነበር። በኋላ ግን ማንም ተነሺ የማይላትን ቦታ አገኘች፤ መድረኩን። እ.ኤ.አ. በ2014 የራሷን ትርዒት ይዛ ኤዲንብራ ፌስቲቫል ላይ ቀረበች።

የመርሳት በሽታ ያለባቸው አዛውንት፣ በተዘጋ ጨለማ ውስጥ የሚጨነቁ ሰዎች፣ ወገባቸውን አሟቸው ለረጅም ሰዓት መቀመጥ የማይችሉ፣ የምታጠባ እናት፤ በሩ ክፍት ሲሆን ለእነዚህ ሁሉ ነው የሚከፈተው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የሚጥል በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል 3 ያህሉ በብልጭታ ሊነሳባቸው ይችላል። ዘና ያለ ስለተባለ ብቻ ብልጭታ የለም ማለት አይደለምና፣ ትኬት ከመቁረጥ በፊት በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ተዋንያኑ ይረበሻሉ»

እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» እየታየ ነው። መደበኛ የቀን ትርዒት ነው እንጂ ዘና ያለ አልነበረም። የግርፋት ትዕይንት ላይ ኦቲዝም ያለበት አንድ ልጅ ጮኸ። ተመልካቹ እናቲቱ ላይ ተነሳባት፤ እንዲህ ያለ ልጅ ለምን ይዘሽ መጣሽ ተባለች። ያን ቀን መድረክ ላይ የነበረው ተዋናይ ኬልቪን ሙን ሎ በፌስቡክ ገጹ ጻፈ። የቆመው ከእናቲቱ ጎን ነበር። እየሞከረች እንደሆነ አይታያችሁም ወይ ብሎ ትርዒቱን ማቆም አሰኝቶት እንደነበር ተናገረ። ጽሑፉ በብዙ ሺህ ሰዎች እጅ ዞረ።

የአዲስ አበባን መድረክ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህ ስጋት ብዙም አይገባውም። ብሔራዊም ሆነ ሀገር ፍቅር፣ ተመልካቻችን ያፏጫል፣ ያጨበጭባል፣ ከተዋናዩ ቀድሞ መልስ ይሰጣል። ተዋንያኖቻችን ሳቁ እስኪያልቅ መጠበቅን ያውቁበታል። አንድ ልጅ «እምም» እያለ ቢወዛወዝ እንዴት ይከብዳቸዋል?

«ጆሮውን መሸፈኛ ካደረገ ይበቃል»

ለአንዳንዱ ይበቃዋል። ችግሩ የመድረክ ጭስ ሽታ ወይም ከጎን ያለ ሰው ትከሻ ለሆነበት ግን ምንም አያደርግለትም። ጭንቅላቱን ሲነኩት የማይወድ ልጅም አለ፤ መሸፈኛውን ራሱ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል።

«የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ እኛ ገንዘቡ የለንም»

የብሮድዌይን አዳራሽ ሙሉ መግዛት በርግጥ ብዙ ብር ነው። ዋናው ሥራ ግን ብር አይጠይቅም። ፎቶውን በስልክ አንስቶ በቴሌግራም መልቀቅ ስንት ያስወጣል? በዳር በዳር ያሉትን ወንበሮች መያዝ፣ አንዱን ቢሮ ለሁለት ሰዓት አስለቅቆ ፍራሽና ትራስ ማድረግ፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ፤ ይህ ሁሉ ባለው ዕቃ የሚሠራ ነው።

እኛ ጋ ግን ከኒው ዮርክ መመሪያ ላይ የማይገኝ ነገር መጨመር አለበት። በር ላይ ያለው ፍተሻ ነው። ንክኪ የማይችል ልጅ ወንበሩ ላይ ሳይደርስ፣ የማያውቀው ሰው ወገቡንና ኪሱን ሲዳብሰው እዚያው በሩ ላይ ሊያበቃለት ይችላል። ፈታሹ አስቀድሞ ቢነገረው፣ ልጁን ሳይነካ ወላጁ ራሱ የልጁን ኪስ እንዲያሳየው ቢያደርግ፣ ወይም «አሁን ቦርሳህን አየዋለሁ፣ እሺ?» ብሎ ቢጠይቅ ምሽቱ ይተርፋል። ሥልጠናው መጀመር ያለበት ከዳይሬክተሩ ሳይሆን ከፈታሹና ከትኬት ቆራጩ ነው።

«በዓመት አንድ ቀን ከተዘጋጀ ምን ጎደለ?»

አንድ ቀን ከምንም ይሻላል። ብዙ ቤተሰብ ቴአትርን ያወቀው በዚያች አንድ ቀን ነው። ግን ያቺ ቀን የሐሙስ ጠዋት ብትሆንስ? የምትወደው ቴአትር ሌላኛው ቢሆንስ? ሌላው ሰው በፈለገው ምሽት ይመርጣል።

ለንደን የሚገኘው ባተርሲ አርትስ ሴንተር እ.ኤ.አ. በ2020 ከጄስ ቶም ድርጅት ቱሬትስሂሮ ጋር ሆኖ ቤቱን በሙሉ ዘና ያለ አደረገው። ልዩ ቀን ከመመደብ ይልቅ በመደበኛው ፕሮግራሙ ውስጥ ሰው እንዲንቀሳቀስ፣ ድምፅ እንዲያወጣ፣ ወጥቶ እንዲገባ ፈቀደ። ለየት ያለ ዝምታ የሚፈልግ ሥራ ካለ ያ ተለይቶ ይነገራል። እኔ የምደግፈው ይህንን ነው። እስከዚያው ግን ለንደንም ሆነ ዋሽንግተን ያላችሁ ወላጆች፣ ትኬት ቢሮ ስትደውሉ «ዘና ያለ ትርዒት መቼ አላችሁ?» ብቻ ብላችሁ አታቁሙ። «በሌላውስ ቀን ልጄ ድምፅ ቢያወጣ ምን ትሉናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።