«ዘመኑ እንዲያ ነበር»፦ ስለ ትዝታ ፊልሞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ያለፈን ዘመን በልጆችና በአፍላ ወጣቶች ዓይን በሚያሳዩ ፊልሞች ላይ «ማን ታየ? ማን ቀረ?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ፣ ከታች ያሉት መልሶች ሳይመረመሩ ይደጋገማሉ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አመለካከት፦ «ጥቁሮች ያልታዩት በአካባቢው ስላልነበሩ ነው።»

እውነታው፦ የጆርጅ ሉካስ «አሜሪካን ግራፊቲ» (1973) በ1962፣ በካሊፎርኒያዋ ሞዴስቶ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲያልቅ ያለችን አንድ ሌሊት ይተርካል። የመኪኖቹ ሬዲዮ ቸክ ቤሪን፣ ፋትስ ዶሚኖን፣ ፕላተርስን ያሰማል። ፊልሙን ከተሸከሙት ድምፆች ብዙዎቹ የጥቁሮች ሆነው ሳለ ጥቁር ገጸ ባሕርይ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሉካስ ያደገው እዚያው ሞዴስቶ ነው፤ የቀረጸውም የራሱን ትዝታ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ማይክል ሹልትዝ «ኩሊ ሃይ»ን ሠራ፤ ቦታው ቺካጎ፣ ጊዜው 1964። ደራሲው ኤሪክ ሞንቴ በዚያው ከተማ፣ ካብሪኒ ግሪን በተባሉት የመንግሥት የኪራይ ሕንፃዎች ውስጥ ያደገ ነው። የጻፈውም ስለ ጥቁር ተማሪዎች ነው፦ ከክፍል መጥፋት፣ ጭፈራ፣ ፍቅር፣ የተሰረቀ መኪና፣ የጓደኛ ሞት። ሁለቱን ፊልሞች የለያያቸው የታሪክ መዝገብ ሳይሆን የሚያስታውሰው ሰው ያደገበት ሰፈር ነው። አንድ ፊልም ሁሉንም ሰው ማሳየት የለበትም። ሙዚቃቸው ወይም ጉልበታቸው ገብቶ እነሱ ራሳቸው ሲቀሩ ግን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አመለካከት፦ «ዘረኛው ቀልድ የገባው ዘመኑ ዘረኛ ስለነበረ ነው።»

እውነታው፦ ዘረኝነትን ማሳየት በራሱ ጥፋት አይደለም። በፖል ቶማስ አንደርሰን «ሊከሪሽ ፒዛ» (2021)፣ በ1973፣ በሎስ አንጀለሱ ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ፣ አንድ ነጭ የምግብ ቤት ባለቤት ጃፓናዊት ሚስቱን በተጣመመ የጃፓን አነጋገር እንግሊዝኛ ያናግራታል። ቆይቶ ሌላ ጃፓናዊት አግብቶ ይደግመዋል። «የሚሾፈው በባልየው ነው» የሚሉ አሉ፤ እርግጥ ሰውየው ጃፓንኛ እንደማይችል ይናገራል። ነገር ግን ሴቶቹ በቋንቋቸው የሚሉት በትርጉም ጽሑፍ አልወጣም፤ ለብዙው ተመልካች የሚደርሰው የሰውየው ወገን ብቻ ነው። በአልፎንሶ ኳሮን «ሮማ» (2018) ግን፣ በ1970ዎቹ መግቢያ ሜክሲኮ ሲቲ፣ የቤት ሠራተኛዋ ክሌዎ ከባልንጀራዋ ጋር በሚሽቴክ (በሜክሲኮ ነባር ሕዝብ ቋንቋ) ስታወራ ንግግሯ ተተርጉሞ ይነበባል። እንዲህ ያለ ትዕይንት ሲመዘን ሁለት ነገር ይታይ፦ ከስድቡ በኋላ ካሜራው የማን ፊት ላይ ይቆያል? የተሰደበው ሰው ከዚያ ትዕይንት ውጭ የራሱ ፍላጎት አለው?

አመለካከት፦ «ከማኅበረሰቡ ያልተወለደ ዳይሬክተር ታሪኩን መሥራት አይችልም።»

እውነታው፦ ሩማንያ የተወለደው ፈረንሳዊ ራዱ ሚሃይሊያኑ በ2005 የሠራው «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» የተሰኘ ፊልም፣ በ1984 የኢትዮጵያ አይሁዶችን (ቤተ እስራኤልን) በአውሮፕላን ባጓጓዘው የሙሴ ዘመቻ ከሱዳን ወደ እስራኤል ስለተሻገረ ኢትዮጵያዊ ልጅ ነው። ልጁ ክርስቲያን ነው፤ እናቱ ከሞት ልታተርፈው ቤተ እስራኤል ነኝ እንዲል ትልከዋለች። ስለዚህ ፊልሙ «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን ስም አንድ ወጥ አያደርገውም። ልጁን በሦስት ዕድሜ የተጫወቱት ሦስት ተዋንያን ናቸው፤ ጎልማሳውን የሆነው ሲራክ ሳባሃት ራሱ በ1991 በተደረገው ተመሳሳይ ጉዞ፣ በሰሎሞን ዘመቻ፣ ወደ እስራኤል የሄደ ነው። አማርኛውም ከዕብራይስጡና ከፈረንሳይኛው ጎን ይሰማል።

አመለካከት፦ «በድሮ ፊልም መልክ ጥቁር ፊት መጥፋቱ የቴክኒክ ግዴታ ነው።»

እውነታው፦ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያዘጋጃቸው የነበሩ «ሺርሊ» የተባሉ የቀለም መመዘኛ ካርዶች ላይ ነጭ ሴት ነበረች፤ ቀለሙ የሚስተካከለውም በእሷ ቆዳ ነበር። ዛሬ የድሮ መልክ ለመስጠት ጥላውን የሚያጠቁር ማስተካከያ ሲጫን ያው ጉዳት ይመለሳል። ጥቁርና ነጭ ፊት አብረው ሲቀረጹ ብርሃኑ ለጥቁሩ ይለካ፤ ነጩ ላይ የሚወድቀው በጥቁር ጨርቅ ይቀነስ። ለጥቁር ቆዳ ከጎን የሚመጣ፣ በነጭ ሰሌዳ ላይ የነጠረ ሰፊ ብርሃን ይስማማል፤ የፊቱን ቅርጽ የሚያወጣው ነጸብራቁ ነውና። ፓውደር ሲበዛ ያ ነጸብራቅ ይሞታል። የቀለም ማስተካከያውም ከቀረጻ በፊት በተዋንያኑ ፊት ላይ ይሞከር፤ በቀረጻ ጊዜ ጥላ የዋጠውን በኋላ ቢያበሩት የሚወጣው ነጠብጣብ እንጂ ፊት አይደለም።