የሞዴል መኪና ናስ ሥራ፦ ሶልደር ማድረግን ከመጀመሪያው

የሽቦ መኪና ሠርቶ ሰፈር ውስጥ የነዳ ልጅ ሽቦ ማጠፍ አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው መጋጠሚያው ነበር። ሁለቱን ሽቦ በቀጭን ሽቦ ወይም በላስቲክ ጠምጥመን እንለቅ ነበር፤ ሁለት ቀን ሳይቆይ ይላላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያው መጋጠሚያ ነው፣ ግን በሌላ መጠንና በሌላ ብረት፦ ከናስ የተሠሩ የሞዴል መኪና ክፍሎችን በሶልደር፣ ማለትም ከናሱ ቀድሞ በሚቀልጥ ቅይጥ፣ ማያያዝ።

ሞዴል መኪና የልጆች መጫወቻ አይደለም። የእውነተኛ መኪና ልክ ተጠብቆ፣ በተወሰነ መጠን ተቀንሶ የሚሠራ ነው። የተለመዱት መጠኖች 1/24፣ 1/32 እና 1/43 ናቸው። 1/43 እንግዳ ቁጥር ይመስላል፤ የመጣው ከእንግሊዝ የባቡር ሞዴል ነው። እዚያ አንድ ጫማ በ7 ሚሊሜትር ይለካ ነበር፣ ሲሰላ 1/43.5 ይሆናል። መኪኖቹ ከባቡሩ አጠገብ እንዲቆሙ ተብሎ በዚያው ልክ ተሠሩ፣ በዚያው ቀሩ።

ናስ ለምን ተፈለገ? ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1/24 ሞዴል ላይ 1 ሚሊሜትር በእውነተኛው መኪና ላይ 24 ሚሊሜትር ነው። 1 ሚሊሜትር የሚወፍር የፕላስቲክ ፓራውልት ወደ እውነተኛው መጠን ሲያድግ 2.4 ሳንቲሜትር የሚወፍር ላሜራ ይሆናል። ይህ የታንክ እንጂ የመኪና አይደለም። 0.2 ሚሊሜትር የናስ ቅጠል ግን 5 ሚሊሜትር አይሞላም፤ ዓይን ይቀበለዋል። የራዲያተር ወንፊት፣ የፓራብሬዛ ጠርዝ፣ የጎማ ራጂ፣ ባሌስትራ፣ የመስታወት መያዣ፦ ቀጭን መሆን ያለበት ሁሉ በናስ ያምራል።

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። እንደ ቅይጡ ይለያያል እንጂ የሚቀልጠው ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። ለሞዴል ሠሪው በሦስት መልክ ይመጣል። አንደኛው ቱቦና ዘንግ ነው። የቺካጎው ኬ ኤንድ ኤስ የሚያወጣቸው ቱቦዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ልክ እንዲገባ ሆነው የተሠሩ ናቸው፦ የውጭ ስፋታቸው በኢንች 1/32 እየጨመረ ይሄዳል፣ የግድግዳቸው ውፍረት 0.014 ኢንች ነው። ማርሚታ ወይም አሞርዛተር ለመሥራት ከዚህ የተሻለ የለም። ሁለተኛው ቅጠል ናስ ነው። ሦስተኛው በኬሚካል የተበላ ናስ ነው፤ ሥዕሉ በብርሃን ታትሞ፣ የማያስፈልገው ቦታ ብዙ ጊዜ በፌሪክ ክሎራይድ ተበልቶ ይወጣል። መታጠፍ ያለበት ቦታ እስከ ግማሽ ብቻ ተበልቶ መስመር ይቀርለታል። መስመሩን ወደ ውስጥ አድርጎ ማጠፍ፣ ከዚያ በመስመሩ ውስጥ ሶልደር ማፍሰስ ነው፤ ያኔ ማዕዘኑ አይነቃነቅም።

ሱፐር ግሉ አይበቃም ወይ? ለጌጥ ይበቃል። ለማይነካ አርማ ወይም ለታርጋ እኔም ሱፐር ግሉ ነው የምጠቀመው። ክብደት ለሚሸከም ወይም በሞረድ ለሚስተካከል መጋጠሚያ ግን አይሆንም። ጠርዝ ለጠርዝ የተጣበቀ ናስ ትንሽ ሲጠመዘዝ ቀጭ ብሎ ይለያል። በሶልደር የተያዘውን ሞርሳ ላይ አስሮ መሞረድ ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሶልደርን እንደ ሙጫ ያየዋል። በካውያው (ሶልደር በሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ጫፍ ላይ ሶልደር ያቀልጥና ወደ ናሱ ተሸክሞ ሊቀባው ይሞክራል። ናሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሶልደሩ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። በጥፍር ሲነኩት ይነሳል። ሶልደር የሚሄደው ሙቀት ወዳለበትና ንጹሕ ብረት ወዳለበት ብቻ ነው። መሞቅ ያለበት ናሱ ነው። ናሱ በበቂ ሲሞቅ ሶልደሩን ራሱ ይስበዋል፣ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው። ለዚህም ክፍተቱ ጠባብ መሆን አለበት፤ ከ0.1 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ሰፊ ክፍተት ሶልደር አይስብም። ስለዚህ ጥሩ ሶልደር አድራጊ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው በሞረድ ነው።

ንጽሕናውን የሚጠብቀው ፍላክስ የሚባለው የሚቀባ ማጽጃ ነው። ናስ አየር ሲነካው የማይታይ ሽፋን ያበጃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይባስ። ሶልደር በዚያ ላይ አይይዝም። ስለዚህ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በመስታወት ክር ብሩሽ ይፋቃል፣ ከዚያ ፍላክስ ይቀባል። ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ከጥድ ሙጫ የተሠራው ዓይነት በአዲስና ንጹሕ ናስ ላይ ይሠራል። የሞዴል ሠሪዎች ምርጫ ግን ብዙውን ጊዜ በውሃ የቀጠነ ፎስፎሪክ አሲድ ነው፤ ብረትን በደንብ ያጸዳል፣ በውሃም ይታጠባል። ለአረብ ብረት ሽቦ ዚንክ ክሎራይድ ያለበት ጠንከር ያለ ፍላክስ ይፈለጋል። አሲድ የሆነው ሁሉ ከሥራው በኋላ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ መታጠብ አለበት። እኔ አንድ ጊዜ ታክቶኝ ሳላጥብ ቀለም ቀባሁ። ከወራት በኋላ በቀለሙ ሥር አረንጓዴ ነገር እንደ ሻጋታ ብቅ አለ። ሁሉንም አራግፌ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ሶልደሩ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። 63 በመቶ ቆርቆሮ (ቲን) እና 37 በመቶ እርሳስ ያለው በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም በአንድ ጊዜ ይረጋል። 60/40 የሚባለው ከ183 እስከ 190 ገደማ ድረስ እንደ ገንፎ ይሆናል። እርሳስ የሌለበት፣ ቆርቆሮና ጥቂት መዳብ ያለበት ደግሞ 227 ዲግሪ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስን ስለገደበ ይህኛው ገበያውን ሞልቶታል። በ145 ዲግሪ የሚቀልጥም አለ፤ የእንግሊዝ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ይወዱታል። ቢስመዝ የሚባል ብረት ያለበትና በ70 ዲግሪ የሚቀልጠው የመጨረሻው ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ያም ሆኖ ይህን ሶልደር የፈላ ውሃ ያቀልጠዋል።

የ70 ዲግሪው ለቀልድ የተሠራ አይደለም። እንደ ጃፓኑ ሞዴል ፋክተሪ ሂሮ ያሉ አምራቾች ኪታቸውን (ገዢው የሚገጣጥመውን የክፍሎች ስብስብ) ከተበላ ቅጠልና ነጭ ሜታል ከሚባል ለስላሳ ቅይጥ ነው የሚሠሩት። ነጭ ሜታል ከተራ ሶልደር ጋር እኩል ወይም ቀድሞት ሊቀልጥ ይችላል። ካውያ ሲያስነኩት ክፍሉ ዓይን እያየ ኩሬ ይሆናል። ናስን ከነጭ ሜታል ለማያያዝ መጀመሪያ ናሱን ተራ ሶልደር ማልበስ፣ ከዚያ ካውያውን ዝቅ አድርጎ በ70 ዲግሪው መያዝ ነው። ናሱ ካልለበሰ የ70ው አይይዘውም።

ስለ ካውያ የሚነገር አንድ የተሳሳተ ምክር አለ፦ ትንሽ ክፍል ስለሆነ ትንሽ ካውያ ይበቃል የሚል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ደካማ ካውያ ቦታውን ለማሞቅ ብዙ ሰከንድ ይፈልጋል። በዚያ መሐል ሙቀቱ በናሱ ውስጥ ተጉዞ ትናንት የተያዘውን መጋጠሚያ ያላላዋል። ጠንካራ ካውያ ግን በሁለትና በሦስት ሰከንድ ጨርሶ ይወጣል። 25 ዋት ለቀጭን የተበላ ቅጠል ይሆናል፤ ለቱቦና ለሻንሲ 50 እና ከዚያ በላይ ይሻላል። ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ከሆነ 350 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ሳይሆን እንደ ጠፍጣፋ መፍቻ የሰፋ ይሁን፤ የሾለ ጫፍ ሙቀት አያስተላልፍም።

በእሳት የሚሠሩም አሉ። ብር ያለበት ጠንካራ ሶልደር ከ600 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ በካውያ አይሞከርም። መጋጠሚያው እጅግ ጠንካራ ይሆናል። ግን በዚያ ሙቀት ናሱ ይለሰልሳል፣ የመተጣጠፍ ኃይሉን ያጣል። ባሌስትራ በእሳት የሠራ ሰው ባሌስትራ ሳይሆን የላላ ቅጠል ነው የሚያገኘው። ለጀማሪ አልመክርም።

ልምምዱ የት ይጀመር? ከኪቱ አይደለም። ሁለት ቁራጭ ቅጠል ወስዶ በ90 ዲግሪ ማያያዝ፣ ከዚያ በፒንሳ ለመገንጠል መሞከር። ናሱ ራሱ ከተጣመመና መጋጠሚያው ሳይላቀቅ ከቀረ ሥራው ይዟል። ቀጥሎ ቱቦ በቱቦ ውስጥ፤ በአንድ ጫፍ የሰጡት ሶልደር በሌላው ጫፍ ቀጭን ብርማ ቀለበት ሆኖ ሲወጣ ማየት ደስ ይላል። ሦስተኛው ሁለት ጠፍጣፋ ነገር መደራረብ ነው፦ ሁለቱንም በስሱ ሶልደር አልብሶ፣ ፍላክስ ቀብቶ፣ አንዱን በሌላው ላይ ጭኖ ከላይ ማሞቅ። የላይኛው ሰመጥ ሲል ይታወቃል።

ክፍሎቹን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል፣ እጅ ለዚህ አይሆንም። ሥዕሉ የተለጠፈበት ጣውላና ምስማር፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ ወረንጦ ይበቃሉ። አሉሚኒየም ተራ ሶልደር ስለማይዘው ጥሩ ድጋፍ ነው። የብረት ጠረጴዛ ላይ ግን አይሠራም፣ ሙቀቱን ሁሉ ይጠጣዋል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ተራ ማስያዝ ነው። የ1/24 ሻንሲ ላይ ሃያ ሠላሳ መጋጠሚያ በጥቂት ሳንቲሜትር ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሃያኛውን ሲያሞቁ አሥራ ዘጠነኛው እንዳይወድቅ ምን ይደረግ? የለመዱት ሰዎች የሶልደሩን ዓይነት ያፈራርቃሉ፦ መጀመሪያ በ227ቱ፣ ቀጥሎ በ183ቱ፣ መጨረሻ በ145ቱ። ሌላው መንገድ እርጥብ ሶፍት በቀድሞው መጋጠሚያ ላይ መጠቅለል ነው፤ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ከመፍያው ነጥብ በላይ አይሞቅም። መንቀሳቀስ ባለበት ማጠፊያ ላይ ሶልደር እንዳይገባ በመጻፊያ እርሳስ ማጥቆር ወይም የጽሑፍ ማጥፊያ ነጭ ቀለም መቀባት ይረዳል። ትልቁና ወፍራሙ ይቀድማል፣ ቀጭኑ ይከተላል። ለራጂና ለወንፊት ግን አንድ ተራ በአንድ ወገን፣ ቀጣዩ በተቃራኒው ወገን ይሠራል፤ አለበለዚያ ሙቀቱ ወደ አንድ ጎን ያጎብጠዋል።

ስለ ጤና ባጭሩ። በካውያ ሙቀት እርሳስ አይተንም፤ የሚጨሰው ፍላክሱ ነው፣ እሱም ለሳንባ ጥሩ አይደለም። መስኮት ይከፈት። እርሳሱ የሚገባው በእጅ በኩል ወደ አፍ ነው፤ ስለዚህ እየሠሩ ቡና መጠጣት የለም፣ እጅ ይታጠባል፣ ከሞረድ የወደቀው ብናኝ ልጆች ከሚደርሱበት ይጠረጋል።

ሶልደር ለሚያምር ሞዴል ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ስካሌክስትሪክ ከወጣ በኋላ ቀጭን ቦይ ባለው መስመር ላይ በኤሌክትሪክ የሚሮጥ መኪና፣ ማለትም ስሎት ካር፣ ተስፋፋ። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ስምንት መስመር ያላቸው ትልልቅ የ1/24 መወዳደሪያዎች በየከተማው ተከፈቱ። ተወዳዳሪዎቹ ሻንሲያቸውን ራሳቸው ከናስ ዘንግና ከፒያኖ ሽቦ (ከጠንካራ የአረብ ብረት ሽቦ) መሥራት ጀመሩ። ምክንያቱ ክብደት ነው። ናስ በኪዩቢክ ሳንቲሜትር 8.5 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ፕላስቲክ 1 ግራም ገደማ። ክብደቱ ከታች ሲሆን መኪናው ኩርባ ላይ አይገለበጥም። የፒያኖ ሽቦው እንደ ስፕሪንግ ይተጣጠፋል፣ ናሱ ይሸከማል።

እነዚህ ሰዎች ሻንሲያቸውን የሚፈትሹት በመስታወት ላይ አስቀምጠው ነው። አንዱ ጥግ ከተነሳ ያ መጋጠሚያ እየቀዘቀዘ ጎትቶታል ማለት ነው። መልሰው ያሞቁታል፣ በጣት ጥፍር ሳይሆን በእንጨት ጫፍ ይጫኑታል፣ እስኪረጋ ይይዙታል። ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ የተጣመመም ቢሆን አይጣልም። ካውያው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞቆ ይጠብቃል፤ ተወዳዳሪው ሁለት መጋጠሚያ ፈትቶ፣ ዘንጉን አቅንቶ፣ መልሶ አስይዞ ለቀጣዩ ዙር ይደርሳል።