የአውሮፓ የባህል መዲና ምንድን ነው?

«የአውሮፓ የባህል መዲና» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ፓሪስ ወይም ሮም ነው። ስያሜው ግን በየዓመቱ የሚዞር ተራ ነው። ተራው የደረሳት ከተማ ዓመቱን ሙሉ ሙዚቃ፣ ቴአትር፣ ኤግዚቢሽንና የአደባባይ ትርኢት ታስተናግዳለች። አንዳንድ ዓመት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ከተሞች አብረው ይይዙታል።

ሐሳቡን ያመጣችው ሜሊና መርኩሪ ናት። ታዋቂ ተዋናይት ነበረች፤ በኋላ የግሪክ የባህል ሚኒስትር ሆነች። አውሮፓ ስለ ገበያና ንግድ አብዝቶ በሚያወራበት ዘመን፣ ባህልም እኩል ይነሳ ብላ ተሟገተች። በ1985 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋ ተረኛ አቴንስ ሆነች።

ቀጥሎ ተራው የደረሳቸው ስማቸው ቀድሞውኑ የገነነ ከተሞች ናቸው፤ ፍሎረንስ፣ አምስተርዳም፣ ምዕራብ በርሊን፣ ፓሪስ። በ1990 ግን ግላስጎው መጣች። የመርከብ ሥራዋ የተዳከመባት፣ ሥራ አጥ የበዛባት የስኮትላንድ ከተማ ናት። እኔ እንደሚመስለኝ ስያሜው እውነተኛ ፋይዳ ያገኘው ያኔ ነው።

ዛሬ ለስያሜው የሚደረገው ውድድር የሚጀመረው የተራው ዓመት ከመድረሱ ስድስት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። የተረኛው አገር ከተሞች እቅዳቸውን ያቀርባሉ፤ ገለልተኛ ባለሙያዎች ይመዝናሉ። ነዋሪው ምን ድርሻ አለው? ከሌላው አውሮፓ ጋር ምን ያገናኛችኋል? ዓመቱ ሲያልፍስ ምን ይቀራል? ብለው ይጠይቃሉ። አብዛኛውን ወጪ የሚሸፍኑት ከተማዋና አገሯ ናቸው። ቃሏን ከጠበቀች በመርኩሪ ስም የተሰየመ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ሽልማት ከአውሮፓ ኅብረት ታገኛለች።

እኔን ከሁሉም የምትነካኝ የ2019ኟ ተረኛ ማቴራ ናት። በደቡብ ኢጣሊያ፣ ከገደል የተፈለፈሉ ቤቶች ያሏት ጥንታዊ ከተማ። ሰፈሮቹ ሳሲ ይባላሉ። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ድሆች ከከብቶቻቸው ጋር በአንድ ዋሻ ይኖሩ ነበር። ለጎብኚ የተዘጋጀውን አንዱን ቤት ብታዩት፣ አልጋው ከፍ ብሎ ተሠርቷል፤ ከሥሩ ዶሮዎች ያድሩ ነበር። የበቅሎዋ ቦታም እዚያው ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ነው። ይህ ኑሮ «የኢጣሊያ ኀፍረት» ተባለ። በ1952 ሕግ ወጣና 15,000 ያህል ሰው ወደ አዳዲስ ሰፈሮች እንዲዛወር ተደረገ። ዋሻዎቹ ወና ቀሩ።

ከዚያ ቀስ እያሉ ይጠገኑ ጀመር። በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። በ2019 መክፈቻ ቀን ደግሞ ከየመንደሩና ከሌሎች የአውሮፓ ከተሞች የመጡ የማርሽ ባንዶች በዚያችው ከተማ ጎዳናዎች እየነፉ አለፉ። ዝግጅቶቹን ለማየት ለእያንዳንዱ ትኬት መግዛት አያስፈልግም ነበር። እንግዳ 19 ዩሮ ከፍሎ ለዓመቱ የሚሆን «ፓስፖርት» ያወጣ ነበር፤ ያን የያዘ የማቴራ ጊዜያዊ ነዋሪ ይባል ነበር።