ተራ የሚመስል ቤት እንዴት ቅርስ ይባላል?

አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ ባንጋሎ (ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት) የገዛ ሰው ለማፍረስ ሲነሳ «ቅርስ ነው» ይባላል። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ወፍራም የበረንዳ ምሰሶ፤ ታዋቂ ሰው አልኖረበት፣ ታሪክ አልተሠራበት። ታዲያ ምኑ ነው ቅርሱ?

ቤቱ ለብቻው አይደለም የሚመዘነው። ሜልቦርን በምትገኝበት በቪክቶሪያ ግዛት የፕላን ደንብ በቅርስነት የተከለለ ሰፈር ውስጥ ያሉ ቤቶች በአብዛኛው በሦስት ይመደባሉ፦ ራሱን ችሎ ጉልህ የሆነ፣ ለሰፈሩ መልክ ድርሻ ያለው፣ ድርሻ የሌለው። ተራው ባንጋሎ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ይገኛል። ዋጋው ከጎረቤቶቹ ጋር መሰለፉ ነው፤ ሁሉም ከመንገዱ በእኩል ርቀት ገባ ብለው፣ በአጭር አጥር፣ ፊታቸው ብዙም ሳይነካካ። አንዱ ሲነሳ ሰልፉ ይጎድላል።

«ድርሻ ያለው» ማለት ግን «አይነካም» ማለት አይደለም። ለማፍረስ፣ ተጨማሪ ክፍል ለመቀጠል ወይም ውጫዊ ገጽታውን ለመለወጥ ፈቃድ ያስፈልጋል እንጂ ክልከላ የለም። ወጥ ቤቱን ማደስ ከቅርስ ደንቡ ጋር አያጋጭም፤ የውስጥ ቁጥጥር የሚኖረው በደንቡ ሰንጠረዥ ላይ ተለይቶ ከተጻፈ ብቻ ነው። የውጭ ቀለም መቀየርም እንዲሁ። ያልተቀባ ጡብ መቀባት ግን ሁልጊዜ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህቺን የሚያውቃት ጥቂት ሰው ነው።