የሂስፓኒክ ጋዜጠኞች ማኅበራት በአሜሪካ

ብሔራዊ የሂስፓኒክ (ዝርያቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሚመዘዝ) ጋዜጠኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመ፣ መቀመጫውን ዋሽንግተን ዲሲ ያደረገ የሙያ ማኅበር ነው። ሥሩ ግን ወደ ሎስ አንጀለስ ይመዘዛል።

ሩበን ሳላዛር በሜክሲኮዋ ሲውዳድ ኋሬዝ ተወልዶ በቴክሳስ ኤል ፓሶ ያደገ ጋዜጠኛ ነበር። ለሎስ አንጀለስ ታይምስ ከቬትናም ጦርነት ዘግቧል። በኋላም ኬሜክስ የተባለው የስፓኒሽ ቴሌቪዥን ጣቢያ የዜና ኃላፊ ሆነ፤ በጋዜጣው ላይ የነበረውን ዓምድ ግን አልተወም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1970 የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም ሰልፍ ሲዘግብ ውሎ አንድ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ የሸሪፍ (የአካባቢው አስተዳደር) ፖሊስ የተኮሰው የአስለቃሽ ጭስ ቀለህ ጭንቅላቱን መትቶ ገደለው። ተኳሹ ለፍርድ አልቀረበም።

ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ የቺካኖ ጋዜጠኞች ማኅበር ተመሠረተ። ቺካኖ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን መጠሪያ ነው፤ «ሜክሲኳዊ አሜሪካዊ» ከሚለው ይልቅ ጠንከር ያለ የፖለቲካ ቃና አለው። ከመሥራቾቹ አንዱ የሎስ አንጀለስ ታይምሱ ፍራንክ ዴል ኦልሞ ነው። እሱና የላቲኖ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው) ባልደረቦቹ ስለ ደቡብ ካሊፎርኒያ ላቲኖ ማኅበረሰብ ያዘጋጁት ተከታታይ ዘገባ በ1984 ለጋዜጣው ታዋቂውን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ፑሊትዘርን በሕዝብ አገልግሎት ዘርፍ አስገኘ። ብሔራዊው ማኅበር የተወለደውም በዚያው ዓመት ነው።

የዕለት ተዕለት ሥራው ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ብዙም አይለይም፦ ዓመታዊ ጉባኤ፣ ቀጣሪና ሥራ ፈላጊ የሚገናኙበት መድረክ፣ ሥልጠና፣ በሳላዛር ስም ለተማሪዎች የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ። ለየት የሚያደርገው ቆጠራው ነው። በየዜና ክፍሉ ስንት ላቲኖ ይሠራል? በቴሌቪዥን ዜናስ ስንት ጊዜ ይነሳል? የአሜሪካ የጋዜጣ አዘጋጆች ማኅበር በ1978 የዜና ክፍሎች የሠራተኛ ስብጥር እስከ 2000 ድረስ የሕዝቡን ስብጥር እንዲመስል ግብ አስቀምጦ ነበር፤ አልተሳካም።

ሌላው ትግል የቃላት ነው። ማኅበሩ ሰውን «ሕገወጥ» ብሎ መጥራት ይቅር ሲል ለዓመታት ወተወተ፤ ድርጊት ሕገወጥ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ግን አይሆንም ባይ ነው። የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕሬስ በ2013 «ሕገወጥ ስደተኛ» የሚለውን አጠራር ከአጻጻፍ መመሪያው አወጣ። በአማርኛ ዜና፣ ስለ ገዛ ወገኖቻችን ሲወራ እንኳ፣ አጠራሩ ዛሬም እንደዋዛ ይነበባል።